ደሴና ኮምቦልቻ ሆኖ በስልክ የሚነግድ ሰው ቀኑን በየትኛው ሥራ ይጀምር?

ደሴ ላይ በቴሌግራም ቻናል ልብስ የሚሸጥ ሰው ጠዋት ስልኩን ሲከፍት የሚጠብቀው ይታወቃል። አንዱ «ስንት ነው?» ይላል፤ ሌላው «መጨረሻው ስንት ነው?»፤ አንዷ ያው ቀሚስ በጥቁር ይኖር እንደሆነ ትጠይቃለች። ቴሌግራም አዲስ የገባውን መልእክት ከላይ ስለሚደረድር፣ ማታ «ሒሳብ ቁጥር ላክልኝ» ያለው ሰው ከታች ተቀብሮ ያድራል። ሻጩ ከላይ ጀምሮ ሲመልስ ይቆይና እሱ ጋ ሲደርስ ሰውየው ከሌላ ገዝቷል።

ስለዚህ የቀኑ የመጀመሪያ ሥራ ሊከፍል የተዘጋጀውን ሰው ዋጋ ብቻ ከሚጠይቀው መለየት ነው። ቴሌግራም ላይ «ሊከፍሉ ነው» የሚል ፎልደር ክፈቱ፤ ሒሳብ ቁጥር፣ ሳይዝ ወይም አድራሻ የጠየቀውን ሁሉ እዚያ አስገቡ፤ ጠዋት ከእሱ ጀምሩ። የዋጋ ጥያቄውን ጋጋታ ለመቀነስ ደግሞ ዋጋውን ፖስቱ ላይ መጻፍ ይበቃል። «ዋጋ በኢንቦክስ» የሚባለው ልማድ ተፎካካሪ እንዳያይ ተብሎ የመጣ ነው፤ ተፎካካሪው ግን ደንበኛ መስሎ ጠይቆ ማወቁ አይቀርም፤ የሚጉላላው እውነተኛው ገዢ ነው።

ክፍያው ቀላል ሆኗል። ቴሌብር ከግንቦት 2013፣ ኤም-ፔሳ ደግሞ ከነሐሴ 2015 ጀምሮ ስላሉ ከኮምቦልቻ ደሴ ገንዘብ ለማድረስ ሰው መላክ ቀርቷል። አንድ ነገር ብቻ፦ ደንበኛው የላከውን ስክሪንሾት አይቶ ዕቃ መልቀቅ አይገባም። የራስን ሒሳብ በመተግበሪያው ወይም፣ ቴሌብር ከሆነ፣ በ*127# ከፍቶ ገንዘቡ መግባቱን ማየት ጊዜ አይፈጅም፤ የተቀናበረ ስክሪንሾት ግን በየከተማው ስንቱን አስለቅሷል።

ብዙውን ነጋዴ የሚጥለው ቀጥሎ ያለው ነው። የትኛው ሥራ እንደሚያተርፍ ሳያውቁ ሥራን በትርፍ ቅደም ተከተል ማስያዝ አይቻልም፤ አብዛኛው ሻጭ ደግሞ የሚያውቀው የሸጠበትን ዋጋ ነው እንጂ እጁ ላይ የቀረውን አይደለም። ቶሎ ቶሎ የሚሸጥ ዕቃ ያተረፈ ይመስላል። ገንዘቡ ይገባል፣ ይወጣል፣ ስልኩ አያርፍም፣ ወሩ ሲያልቅ ግን መርካቶ ወርዶ ያንኑ ያህል ዕቃ ለማንሳት ገንዘቡ አይበቃም።

በምሳሌ እንየው። አንድ አባያ በ2,000 ብር ተገዝቶ 2,600 ተባለ እንበል። ስድስት መቶ ብር ትርፍ ይመስላል። ደንበኛዋ ተከራክራ 100 ብር አስቀነሰች፤ ከአዲስ አበባ ለማስመጣት በአንዱ 50 ብር ወጥቷል፤ ለባጃጅ 60 ተከፈለ። ቀረ 390። እዚህ ድረስ ብዙ ሰው ያሰላል። አሁን ግን መርካቶ ላይ ያው አባያ 2,300 ገብቶ ቢሆንስ? ሻጩ ንግዱን የሚቀጥለው በ2,000 ሳይሆን በ2,300 ገዝቶ ነው፤ እጁ ላይ የቀረው እውነተኛ ትርፍ 90 ብር ነው። ያንን 90 ብር ለማግኘት ደግሞ ፎቶ በሦስት አቅጣጫ ተነስቷል፣ ርዝመት ተለክቷል፣ ግማሽ ሰዓት ተጽፏል።

ከአባያው ጋር አብሮ የሚሄድ ሻርፕ እንውሰድ። በ250 የተገዛ፣ ዛሬ ለመተካት 270 የሚጠይቅ፣ በ400 የሚሸጥ። ባጃጁ ለአባያው ስለተከፈለ ለሻርፑ ሌላ ወጪ የለም፤ 130 ብር ይቀራል፤ የጠየቀውም ሁለት መስመር መልእክት ነው። እንግዲህ ለዚህ ሻጭ የበለጠ የሚያተርፈው ሥራ አዲስ አባያ ፖስት ማድረግ አይደለም፤ ሳይላክ በፊት አባያ ለገዛችው ሴት «ከዚህ ጋር የሚሄድ ሻርፕ አለ፣ አብሬ ልላክልሽ?» ብሎ መጻፍ ነው።

መተኪያ ዋጋን ቸል ማለት ምን እንደሚያደርግ ሐምሌ 22 ቀን 2016 አሳይቷል። ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ዋጋውን ለገበያ በለቀቀ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 57 ብር አካባቢ የነበረው የባንክ ዶላር 100 አለፈ። ከውጭ የሚገባ ጫማ፣ ስልክና ልብስ በአሮጌው ዋጋ ሸጦ «ዛሬ ጥሩ ገበያ ዋልን» ያለ ሰው ሳያውቀው ዋናውን እየበላ ነበር። እንዲህ ያለ ድንገተኛ ለውጥ በየሳምንቱ አይመጣ እንጂ ዋጋ መንሸራተቱ አይቀርም። እባካችሁ፣ ቢያንስ በሳምንት አንድ ቀን አቅራቢያችሁ ጋ ደውላችሁ «ዛሬ ባነሳ ስንት ነው?» በሉ፤ መልሱንም ጻፉት። በዚያ ቀን ይህ የአምስት ደቂቃ ስልክ ሌላውን ሥራ ሁሉ ይቀድማል።

ለሒሳቡ ኮምፒውተር አያስፈልግም። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ የሚመርጠው ባለ መስመር ደብተር ነው፤ መብራት ሲጠፋም ይሠራልና። ለእያንዳንዱ ዕቃ የተሸጠበት፣ መተኪያው፣ ወጪው፣ የቀረው፤ ከጎኑ ደግሞ ለማሻሻጥ የፈጀው ጊዜ በግምት። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ከገጹ አብዛኛው ትርፍ ከጥቂት ዕቃዎችና ከጥቂት ደንበኞች እንደመጣ ይታያል። የንግድ አሠልጣኞች 80 ለ20 የሚሉት ይህን ነው፤ መነሻው ጣሊያናዊው የምጣኔ ሀብት ሊቅ ቪልፍሬዶ ፓሬቶ በሀብት ክፍፍል ላይ ያጠናው ሲሆን፣ ስሙን አውጥቶ ወደ ሥራ አመራር ያመጣው ጆሴፍ ጁራን ነው። ቁጥሩን እንደ ሕግ መያዝ ግን ሞኝነት ነው። የእናንተ ደብተር 60 ለ30 ካለ ደብተሩን እመኑ።

መላክ ቀጥሎ ይመጣል። ወደ አዲስ አበባ የሚሄዱት ሀገር አቋራጭ አውቶቡሶች የሚነሱት ጎህ ሲቀድ ስለሆነ፣ የነገ ዕቃ ዛሬ ማታ ታሽጎ ስልክ ቁጥር ተጽፎበት ማደር አለበት። ለኮምቦልቻ ግን መጣደፍ አያስፈልግም፤ ርቀቱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ በሐረጎ ቁልቁል የሚወርድ ታክሲ ቀኑን ሙሉ አለ። የኮምቦልቻውን ትእዛዝ አጠራቅሞ ከሰዓት በኋላ በአንድ ጊዜ መላክ ወጪውን ያካፍላል።

ፖስት ማድረግ ከዚህ በኋላ ነው፤ ማታ አዘጋጅቶ በቀጠሮ እንዲወጣ ማድረግም ይቻላል። ሁለቱ ከተሞች በከፍታ ከ500 ሜትር በላይ ስለሚለያዩ፣ ደሴ ላይ ሹራብና ብርድ ልብስ በሚፈለግበት ሰሞን ኮምቦልቻ ስስ ልብስ ትጠይቃለች። ሐምሌ 2009 በተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክ ለሚሠሩ ደንበኞች ደግሞ ደመወዝ የሚገባበትን ቀን ጠይቆ መያዝ ተገቢ ነው፤ በዋዜማው የወጣ ፖስት ብዙ አይሸጥም። የቻናሉን አርማ ማሳመርና ተከታይ መቁጠር ጊዜ ከተረፈ።

ማንም የማያስቸኩለው፣ ግን በየቀኑ መሠራት ያለበት አንድ ሥራ አለ። የገዛውን ሰው ስልክ ቁጥር በደብተር መመዝገብ። ከ2015 ክረምት ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ሲቋረጥ፣ የደንበኛውን የቴሌግራም ስም እንጂ ቁጥሩን ያልያዘ ሻጭ ገበያው በአንድ ቀን ጠፋበት። ቁጥሩን የያዘው ደውሎና በአጭር መልእክት ጽፎ፣ ክፍያውንም ኢንተርኔት በማይፈልገው *127# ተቀብሎ መሸጥ ይችል ነበር።

ደብተሩ መጨረሻ ገጽ ላይ የበዓላት ዝርዝር ይኑር። ወሎ ውስጥ ዒድና ገና፣ መውሊድና ጥምቀት ሁሉም የገበያ ቀን ናቸው፤ ረመዳን ግን በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ቀድሞ ስለሚመጣ ያለፈውን ዓመት ቀን ይዞ መዘጋጀት ያሳስታል። ለዒድ የሚሸጥ ልብስ ረመዳን ሳይገባ ደሴ ይድረስ፤ የጾሙ የመጨረሻ ሳምንት ላይ የተጫነ ዕቃ መንገድ ላይ አንድ ቀን ከዘገየ እስከ አረፋ መደርደሪያ ላይ ሊቆይ ይችላል።