ፔስትራው ስንት ጊዜ ሲሠራ ዋጋውን ይመልሳል?

በመቀሌ እንዳ ኢየሱስ የቤት ውስጥ የውበት ዕቃ ለመነገድ ላሰበ ሁሉ የሚሆን ስሌት

በ1888 ዓ.ም. በእንዳ ኢየሱስ ኮረብታ ላይ መሽጎ የነበረው የጣሊያን ጦር ምሽጉን የለቀቀው ግንቡ ስለፈረሰ አልነበረም። የውሃ ምንጩ ስለተያዘበት ነው። ከመቶ ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ በዚያው አካባቢ ሱቅ የሚከፍት ነጋዴም ከዚህ ታሪክ አንድ ቁም ነገር ሊወስድ ይችላል። የሱቅ መደርደሪያ የቱንም ያህል ቢያምር ምንጩ ከተያዘ ዋጋ የለውም። በቤት ውስጥ የውበት ዕቃዎች ንግድ ምንጩ ሦስት ነው፦ የውጭ ምንዛሪ፣ የኤሌክትሪክ ኃይልና የገዢው ኪስ።

እንዳ ኢየሱስ የመቀሌ ዩኒቨርሲቲ ዋና ግቢ የሚገኝበት ሠፈር ነው። ተማሪው፣ መምህሩና የቢሮ ሠራተኛው ለፀጉር ቤትም ለኤሌክትሮኒክስ ሱቅም ደንበኞች ናቸው። ድራየር፣ ፔስትራ፣ ቶንዶስ፣ ኤፒሌተር፣ የጥፍር ላምፕና የፊት ስቲም ቀድሞ በፀጉር ቤት ብቻ ይታዩ ነበር፤ ዛሬ ግን በየቤቱ እየገቡ ነው። ሰፊ ገበያ ነው ብሎ ገንዘቡን ለማፍሰስ የሚቸኩል ነጋዴ ጥቂት አይደለም። ይሁን እንጂ የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንዲሉ፣ ከመግዛቱ በፊት ማስላቱ ይቀድማል።

ዕቃው የሚተካው ምንን ነው?

አንድ ዕቃ ገበያ ከሚያገኝባቸው መንገዶች አንዱ ሌላ ዕቃን ወይም የሰው ጉልበትን መተካት ነው። የቤት ውስጥ የውበት ዕቃ የሚተካው የፀጉር ቤት ሠራተኛን ጉልበት ነው። ስለዚህ የገበያውን ስፋት የሚወስነው የዕቃው ዋጋ ብቻ አይደለም፤ የዕቃው ዋጋ ከጉልበት ዋጋ ጋር ሲነጻጸር የሚሰጠው ውጤት ነው።

የውጭውን ዓለም ተሞክሮ እንመልከት። እ.ኤ.አ. በ1986 በእስራኤል ሀገር በአንድ ኪቡዝ የተሠራው ኤፒሌዲ የተባለ የፀጉር መንቀያ የውበት ሳሎን ክፍያ ውድ በሆነባቸው በአሜሪካና በአውሮፓ በብዛት ተሽጧል። ዳይሰን የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2016 ያወጣው ድራየር በአሜሪካ 399 ዶላር ይሸጥ ነበር። ዋጋው ያስደነግጣል። ነገር ግን በዚያው አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2010 የተከፈተው ድራይባር የተባለ የሳሎን ድርጅት ፀጉር አጥቦ ለማድረቅ 35 ዶላር ያስከፍል ነበር። 399ን ለ35 ብናካፍል 12 ጊዜ እንኳ አይሞላም። በሳምንት አንዴ ሳሎን ትሄድ የነበረች አሜሪካዊት በሦስት ወር ውስጥ ዋጋውን መለሰች ማለት ነው።

ይኸው ዕቃ መቀሌ ቢመጣስ? ለስሌት እንዲቀል አንድ ዶላር በ120 ብር ተይዞ ቀረጥና ግብር ሳይታሰብ 47,880 ብር ይሆናል። የፀጉር ቤት ክፍያው ለምሳሌ 250 ብር ነው ቢባል ዋጋውን ለመመለስ 192 ጊዜ መሥራት አለበት። በሳምንት አንድ ጊዜ ከሆነ ከሦስት ዓመት ተኩል በላይ ይፈጃል። ዕቃው ያው ነው፤ የተለየው የጉልበት ዋጋ ነው። በሀገራችን ጉልበት ርካሽ ዶላር ግን ውድ ስለሆነ በውጭ ሀገር አዋጭ የሆነው ሁሉ እዚህ አዋጭ አይሆንም። የመጀመሪያው ትምህርት ይህ ነው።

ዋጋው በዶላር፣ ክፍያው በብር

የመንግሥት የውጭ ምንዛሪ ማሻሻያ ከታወጀበት ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በፊት አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ከ50 ሳንቲም ግድም ነበር። በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ደረሰ። በዚያው ማሻሻያ ከጥቅምት 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ለ38 ዓይነት ሸቀጦች የውጭ ምንዛሪ እንዳይፈቀድ ተጥሎ የነበረው ክልከላ ተነሣ። በዝርዝሩ ውስጥ ኮስሞቲክስ፣ ሽቶና ሰው ሠራሽ ፀጉር ይገኙ ነበር። በሩ ተከፈተ፤ የመግቢያው ዋጋ ግን ከፍ አለ።

ይህ ለገዢው ምን ማለት እንደሆነ በምሳሌ እንየው። ከውጭ በ10 ዶላር የሚገባ አንድ ተራ ፔስትራ እንውሰድ። በቀድሞው ምንዛሪ 575 ብር፣ በ120 ብር ስሌት ደግሞ 1,200 ብር ይሆናል። ቀጥሎ የሚብራራው የጉምሩክ ሒሳብና 25 በመቶ የነጋዴ ትርፍ ሲጨመርበት የመጀመሪያው 1,225 ብር፣ ሁለተኛው 2,557 ብር ገደማ ይሸጣል። በዚያው ጊዜ የፀጉር ቤት ክፍያ ከ150 ወደ 250 ብር አደገ እንበል። ቀድሞ ፔስትራው በ9 ጊዜ ዋጋውን ይመልስ ነበር፤ አሁን 11 ጊዜ ያስፈልገዋል።

ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል። አቅጣጫው ግን ልብ ሊባል ይገባል። ብር በወረደ ቁጥር የዕቃው ዋጋ ወዲያውኑ ይዘላል፤ የፀጉር ሠሪዋ ክፍያ ግን ዝግ ብሎ ይከተላል። ምንዛሪ በተናወጠ ሰሞን የዕቃው ገበያ ይቀዘቅዛል፣ የፀጉር ቤቱ ግን ይደምቃል። ነጋዴው የዕለቱን ምንዛሪና የሠፈሩን የፀጉር ቤት ክፍያ አስገብቶ ይህን ስሌት በየወሩ ቢሠራ ይጠቀማል።

አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። አራት ተማሪዎች ገንዘብ አዋጥተው አንድ ፔስትራ ቢገዙ የእያንዳንዳቸው ድርሻ 640 ብር ግድም ነው። ይህም በሦስት ጊዜ ይመለሳል። የእንዳ ኢየሱስ ገበያ ከሌላው ሠፈር የሚለየው በዚህ ነው። በጋራ የሚኖር ሰው በጋራ ይገዛል። ስለዚህ በዚያ ሠፈር የሚፈለገው ብዙ እጅ የሚችል ጠንካራ ዕቃ እንጂ በሳጥን ያማረ ስስ ዕቃ አይደለም።

የጉምሩክ ደጃፍ

ብዙ ጀማሪ ነጋዴ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። 100 ብር የሚያወጣ ዕቃ ኢንሹራንስና ማጓጓዣው ተጨምሮ ጉምሩክ ደረሰ እንበል። የጉምሩክ ቀረጡ ለምሳሌ 30 በመቶ ቢሆን 130 ብር ይሆናል። በዚህ ላይ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ሲታሰብ 149 ብር ከ50 ይደርሳል። በዚህ ድምር ላይ 10 በመቶ ሱር ታክስ ሲታከል 164 ብር ከ45 ይሆናል። ከዚያም በመጀመሪያው 100 ብር ላይ 3 በመቶ የማኅበራዊ ልማት ቀረጥና 3 በመቶ ቅድመ ግብር ይከፈላል። በጠቅላላው 170 ብር ከ45 ሳንቲም።

ቅድመ ግብሩ በዓመቱ መጨረሻ ከትርፍ ግብር ላይ ይታሰባል። ተጨማሪ እሴት ታክሱንም ተመዝጋቢው ነጋዴ ከገዢው ይሰበስበዋል። ሆኖም አንድ ዕቃ እንኳ ሳይሸጥ ከኪስ የሚወጣው 70 ብር በጥሬ ገንዘብ ነው። በ200 ሺህ ብር ካፒታል ዕቃ አስገባለሁ የሚል ሰው በዚህ ስሌት መሠረት ሊያመጣ የሚችለው የ117 ሺህ ብር ዕቃ ብቻ ነው።

ከመርካቶ የሚያከፋፍለው የመቀሌ ነጋዴ ይህን ሒሳብ በቀጥታ አይከፍልም፤ በዋጋ ውስጥ ታጥፎ ይደርሰዋል። በዚያ ላይ 780 ኪሎ ሜትር ግድም የሚሆን የመንገድ ማጓጓዣ ይጨመራል። በሻንጣ የገባ፣ ደረሰኝ የሌለው ዕቃ በርካሽ ሲቀርብለት መፈተኑ አይቀርም። ነገር ግን ያለ ደረሰኝ የተገዛ ዕቃ ወጪው በግብር ሰብሳቢው ዘንድ አይያዝለትም። ሽያጩ በሙሉ ትርፍ መስሎ ይታሰብበታል። ርካሹ በመጨረሻ ውድ ይሆናል ማለት ነው።

ቮልቴጅና መብራት

ከአሜሪካ ዘመድ የላከው ድራየር መቀሌ ደርሶ በመጀመሪያው ቀን የሚቃጠለው ለምንድን ነው? በአሜሪካ የቤት ኤሌክትሪክ 120 ቮልት ሲሆን የኢትዮጵያ 220 ቮልት ነው። ሙቀት የሚሰጥ ዕቃ የሚስበው ኃይል ከቮልቴጁ ጋር በቀጥታ ሳይሆን በቮልቴጁ ካሬ ያድጋል። በአሜሪካ የተለመደው 1,875 ዋት ድራየር በ220 ቮልት ሲሰካ ከ6,000 ዋት በላይ ለመሳብ ይሞክራል። ሽቦው ይቀልጣል፤ ቤቱም ሊቃጠል ይችላል። ነጋዴው ዕቃ ሲረከብ መጀመሪያ ማየት ያለበት ዋጋውን ሳይሆን ከሥሩ የተለጠፈውን ጽሑፍ ነው። «100–240 ቮልት» የሚል ከሆነ በሁለቱም ሀገር ይሠራል። «120 ቮልት» ብቻ የሚል ከሆነ ለመቀሌ አይሆንም።

የመብራት ወጪም ከዕቃ ወደ ዕቃ ይለያያል። 1,200 ዋት የሆነ ድራየር ለሩብ ሰዓት ሲሠራ 0.3 ኪሎ ዋት ሰዓት ይፈጃል። 40 ዋት የሆነ ፔስትራ ግን ለግማሽ ሰዓት ሠርቶ 0.02 ኪሎ ዋት ሰዓት ብቻ ይወስዳል። ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ የኤሌክትሪክ ታሪፍ በየሩብ ዓመቱ ከፍ እንዲል መወሰኑ ሲታሰብ ይህ ልዩነት እየቆየ መታየቱ አይቀርም።

መቀሌ ያለ መብራት መኖር ምን እንደሆነ ታውቃለች። በጦርነቱ ጊዜ ተቋርጦ የነበረው ኃይል ከብሔራዊው መስመር ጋር እንደገና የተገናኘው በኅዳር ወር 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ ነው። ባንክም አውሮፕላንም የተመለሱት በታኅሣሥ ነበር። ያን ጊዜ ያየ ገዢ ቻርጅ የሚደረግ ቶንዶስን በሽቦ ብቻ ከሚሠራው ቢያስበልጥ አይፈረድበትም።

ለቆዳችን የማይሆን ዕቃ

ከሁሉ በላይ ጥንቃቄ የሚጠይቀው በተለምዶ «የቤት ሌዘር» እየተባለ የሚሸጠው ፀጉር ማጥፊያ ነው። አብዛኛው ሌዘር ሳይሆን ኃይለኛ የብርሃን ብልጭታ የሚሰጥ መሣሪያ ነው። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ ብርሃኑ በፀጉሩ ጥቁር ቀለም ተስቦ ወደ ሙቀት ይለወጥና ሥሩን ያዳክማል። ስለዚህ የሚሠራው ቆዳው ነጣ፣ ፀጉሩ ጠቆር ባለበት ሰው ላይ ነው። ቆዳው ራሱ ጠቆር ያለ ከሆነ ብርሃኑን ቆዳው ይስበዋል። ውጤቱ ቃጠሎና ጥቁር ጠባሳ ነው። ታዋቂ ኩባንያዎች ራሳቸው በመመሪያቸው በጣም ጥቁር ለሆነ ቆዳ አይሆንም ብለው ያስጠነቅቃሉ፤ አንዳንዱ ዕቃ የቆዳውን ቀለም መርምሮ አልሠራም ይላል። ርካሹ ግን ይህ መመርመሪያ የሌለው ሊሆን ይችላል።

ይህ የጤና ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የንግድም ጉዳይ ነው። ከደንበኞቹ ለብዙዎቹ የማይሆን ዕቃ ያከማቸ ነጋዴ ወይ ሳይሸጥ ይቀመጥበታል፣ ወይ ሸጦት ደንበኛውን ያጣል። ጉድለት ያለበትን ዕቃ ገዢው በ15 ቀን ውስጥ እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት የመጠየቅ መብት በ2006 ዓ.ም. በወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ተሰጥቶታል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ደግሞ የሕክምና መሣሪያንና ኮስሞቲክስን በቁጥጥር ሥር አድርጓል። «ማድያት ያጠፋል፣ ጠባሳ ያድናል» ብሎ የሚያስተዋውቅ ነጋዴ ዕቃውን ከውበት ዕቃነት ወደ ሕክምና መሣሪያነት እያሸጋገረው መሆኑን ይወቅ።

የዕቃዎቹ ዋነኛ አምራች የሆነችው ቻይናም መንገዱን አጥብባለች። ቆዳ ለማጥበቅ በራዲዮ ሞገድ የሚሠሩትን ዕቃዎች እ.ኤ.አ. በ2022 ጥብቅ ቁጥጥር በሚደረግባቸው የሦስተኛ ደረጃ የሕክምና መሣሪያዎች መደብ ውስጥ አስገብታለች። ለማስመዝገቢያ የተሰጠው ቀነ ገደብ እስከ አፕሪል 2026 ተራዝሞ ነበር። በሀገሩ መሸጥ ያልቻለ ክምችት ቁጥጥር ወደላላበት ገበያ ሊፈስ እንደሚችል መገመት አያዳግትም። ያለወትሮው የረከሰ የራዲዮ ሞገድ ዕቃ ሲቀርብለት ነጋዴው «ለምን ረከሰ?» ብሎ ይጠይቅ።

ወቅቱን ማወቅ

በትግራይ ትልቁ የመዋቢያ ሰሞን ከነሐሴ 16 ጀምሮ የሚከበረው አሸንዳ ነው። ከዚህ ተነሥቶ ለነሐሴ ፔስትራ የሚያከማች ነጋዴ ግን ተሳስቷል። የአሸንዳ ፀጉር በእጅ የሚሠራ ሹሩባ ነው። ገንዘቡ የሚሄደው ወደ ሹሩባ ሠሪዋ፣ ወደ ቅቤው፣ ወደ ኩሉና ወደ ጌጣጌጡ ነው። ሹሩባ የፔስትራ ተፎካካሪ እንጂ ተጓዳኝ አይደለም። ፔስትራና ድራየር የሚፈለጉት በጥር ሠርግና በምረቃ ሰሞን ነው። ወይባና ወይራ ታጥኖ፣ እንሶስላ ተሞቆ የሚገኘው ውበትም ከቤት ያልወጣ የቤት ውስጥ ውበት ነው። የፊት ስቲም የሚሸጥ ሁሉ የሚወዳደረው ከዚህ ጋር ነው።

የ200 ሺህ ብር ጥያቄ

አንዲት ነጋዴ በእንዳ ኢየሱስ በ200 ሺህ ብር ሱቅ ልትከፍት አስባለች እንበል። ሁለት ምርጫ አላት። አንደኛው 40 በመቶ ትርፍ የሚገኝባቸውን ውድ ዕቃዎች መያዝ ነው፤ እነዚህ ተሸጠው የሚያልቁት በዓመት አንዴ ነው። ሁለተኛው 15 በመቶ ብቻ የሚያተርፉትን ተራ ፔስትራና ቶንዶስ መያዝ ነው፤ እነዚህ በየሁለት ወሩ ያልቃሉ። ኪራይና ሌላ ወጪ ሳይታሰብ የመጀመሪያው በዓመት 80 ሺህ ብር ያስገኛል። ሁለተኛው በየዙሩ 30 ሺህ፣ በስድስት ዙር 180 ሺህ ብር ያስገኛል። በተጨማሪም በየሁለት ወሩ ገንዘቧ እጇ ስለሚገባ ምንዛሪ ቢለወጥ ዋጋዋን ታስተካክላለች። በውድ ዕቃ የታሰረችው ግን የሸጠችውን ዕቃ በሸጠችበት ዋጋ መልሳ መግዛት ላትችል ትችላለች።

ስለዚህ ካፒታሏን ስትከፋፍል አብዛኛውን ቶሎ ለሚዞር ዕቃ፣ ጥቂቱን ለመለዋወጫ፣ ማለትም ለቶንዶስ ምላጭ፣ ለቻርጀርና ለገመድ ብታደርገው ይበጃታል። አንድ እጅ ደግሞ በጥሬ ገንዘብ ይቀመጥ። ከሱቁ ፊት ፔስትራውን ሰክቶ ለገዢው የሚያሳይና ሲበላሽ የሚጠግን ሠራተኛ መኖሩም ከማስታወቂያ ሁሉ ይበልጣል።

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል። ገበያው እያደገ መሆኑ አያጠራጥርም። የሚተርፈው ግን ቀድሞ የገባው ሳይሆን ምንዛሪውን፣ ቮልቴጁንና የደንበኛውን ቆዳ አይቶ የገባው ነው።