ለስላሳ የዝንጅብል ኩኪስ በቤት ውስጥ፦ ከጓሮ እስከ ሰሃን
ለመንጌ ወረዳ ሞዴል አርሶ አደሮችና ቤተሰቦቻቸው የተዘጋጀ የስልጠና ጽሑፍ

1. ይህን ትምህርት ለምን አዘጋጀን?

ውድ ሞዴል አርሶ አደሮች፣ እስካሁን በነበሩን ስልጠናዎች ስለ መስመር አዘራር፣ ስለ ማዳበሪያ አጠቃቀምና ስለ ድህረ ምርት ብክነት ተነጋግረናል። ይህኛው ትምህርት ወደ ማድቤት ይገባል። አንዳንዶቻችሁ “ግብርና ጽሕፈት ቤት ከመቼ ወዲህ ነው ኩኪስ መጋገር የሚያስተምረው?” እንደምትሉ እገምታለሁ። ነገሩ እንዲህ ነው። እርጥብ ዝንጅብል ከጓሮ ነቅለን በመደብ እየሸጥን፣ ሳምንት ሳይሞላ የተፈጨ ዝንጅብል በፌስታል ታስሮ ከሱቅ እንገዛለን። ማሩን በጣሳ ሸጠን፣ በገንዘቡ ለልጆቻችን የፋብሪካ ብስኩት እንገዛለን። በሁለቱም መንገድ ትርፉ ከእጃችን ወጥቶ ሌላ ሰው ጋ ይቀራል። እሴት መጨመር የምንለው ነገር ትልቅ ማሽን የሚጠይቅ ብቻ የሚመስለን ከሆነ፣ በአንድ ብረት ድስትና በአንድ ከሰል ምድጃም ሊጀመር እንደሚችል ከዚህ ትምህርት እናያለን።

በማርና በዝንጅብል የሚጋገር ብስኩት አዲስ ነገር አይደለም። በጀርመን የኑረምበርግ ከተማ ከመካከለኛው ዘመን ጀምሮ በማርና በቅመም በሚጋገር ብስኩት ትታወቃለች። ከድንበራችን ማዶ በሱዳንም ለዒድ ከዕክ የሚባል ብስኩት በየቤቱ ተጋግሮ ለእንግዳ ይቀርባል። ዝንጅብሉም፣ ማሩም፣ ለውዙም በየቤታችን ያለ ሰዎች ግን ብዙ ጊዜ የምንጠቀምባቸው ለሻይ፣ ለወጥና ለገበያ ብቻ ነው።

2. ዝንጅብሉ

ለኩኪስ እርጥብም ደረቅም ዝንጅብል ይሆናል። ጣዕማቸው ግን አንድ አይደለም። በእርጥቡ ውስጥ ያለው ጂንጀሮል የሚባለው ንጥረ ነገር ዝንጅብሉ ሲደርቅ ከፊሉ ወደ ሾጋኦል ይለወጣል፤ ሾጋኦል ደግሞ ይበልጥ ያቃጥላል። ስለዚህ በምትኩ ስታስገቡ መጠኑን አስተካክሉ፦ 2 የሻይ ማንኪያ የደረቀ ዱቄት በሚያስፈልግበት ቦታ፣ 2 የሾርባ ማንኪያ የተፈቀፈቀ እርጥብ ዝንጅብል ግቡ።

ለማድረቅ የሚፈለገው ዝንጅብል ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ መድረቅ ሲጀምር፣ ማለትም ከተተከለ ከ8 እስከ 10 ወር ሲሆነው የሚነቀለው ነው። ቀድሞ የተነቀለ ዝንጅብል ጭረቱ ያነሰና ለወጥ የሚመች ቢሆንም፣ ሲደርቅ ይጨማደዳል፤ ክብደቱም ያንሳል። አፈሩን በንጹህ ውሃ አጥባችሁ፣ ቆዳውን በስሱ ፍቃችሁ፣ ከ3 እስከ 5 ሚሊ ሜትር ውፍረት እንዲኖረው ቆራርጡት። ቆዳው ሥር መዓዛ ያለው ዘይት ስላለ ቢላዋ አስገብታችሁ በወፍራሙ አትላጡ። ከዚያ መሬት ላይ ሳይሆን ከፍ ባለ የቀርከሃ አልጋ ላይ ዘርግታችሁ በፀሐይ አድርቁ፤ ማታ ማታና ዝናብ ሲያስፈራ ሸፍኑት። ከ5 እስከ 8 ቀን ይፈጃል። ቁራጩ ሲታጠፍ ሳይለመጥ ቀጭ ብሎ ከተሰበረ ደርቋል ማለት ነው። 5 ኪሎ እርጥብ ዝንጅብል 1 ኪሎ ገደማ ደረቅ ይሰጣል። ይህንን ቁጥር ያዙት፤ ዋጋ ስናሰላ እንመለስበታለን።

እዚህ ላይ ከኩኪሱ ይልቅ ለጓሮአችን የሚያሰጋ ነገር አለ። በ2004/05 ዓ.ም. በደቡብ ኢትዮጵያ የዝንጅብል አምራች አካባቢዎች የባክቴሪያ አጠውልግ በሽታ ገብቶ የብዙ አርሶ አደሮችን ማሳ አውድሟል። በሽታውን የሚያመጣው ራልስቶኒያ ሶላናሲያረም የሚባል ባክቴሪያ ሲሆን፣ የሚተላለፈው በተበከለ የዘር ዝንጅብል፣ በአፈር፣ በጎርፍና ባልጸዳ መቆፈሪያ ነው። የዚሁ ባክቴሪያ ወገኖች ድንችና ቲማቲምንም ያጠቃሉ። ምልክቱ፦ ቅጠሉ ይጠቀለላል፣ ከታች ጀምሮ ቢጫ ይሆናል፣ ተክሉ ውሃ እያገኘ ይጠወልጋል። ግንዱን ቆርጣችሁ በብርጭቆ ንጹህ ውሃ ውስጥ ብታቆሙት እንደ ወተት ያለ ክር ወደ ውሃው ይወርዳል።

ታዲያ ማድቤት ከዚህ ጋር ምን አገናኘው? ለኩኪስ ብላችሁ ከገበያ የገዛችሁት ዝንጅብል ከየት እንደመጣ አታውቁም። ግማሹን ጋግረን “ቀሪው አብቅሏልና እንትከለው” የምንለው ልማድ በሽታውን በገዛ እጃችን ጓሮ ማስገባት ነው። ለምግብ የተገዛ ዝንጅብል ለምግብ ብቻ ይሁን፤ ዘር ሲያስፈልጋችሁ የቀበሌውን የግብርና ባለሙያ አማክሩ። ልጣጩንም ወደ ጓሮ ወይም ወደ ኮምፖስት ጉድጓድ አትጣሉ። ለሻይ አፍልታችሁ ተጠቀሙበት፣ ወይም አድርቃችሁ አቃጥሉት። በሽታው የታየበት ቦታ ላይ ደግሞ ዝንጅብል ለ3 ዓመትና ከዚያ በላይ አትመልሱ፤ በቆሎ ወይም ማሽላ ዝሩበት።

3. ዱቄቱ

ማሽላ ለብቻው ኩኪስ አይሆንም ብለው የሚያምኑ አሉ፤ ይሆናል፣ ግን ይፈረፈራል። ስንዴ ሊጡን እንደ ጎማ የሚያያይዝ ግሉተን የሚባል ፕሮቲን አለው፤ ማሽላ የለውም። ለመጀመሪያ ጊዜ ለምትጋግሩ፣ ከጠቅላላው ዱቄት ማሽላው ከሲሶ አይብለጥ። ነጭ ማሽላ ይመረጣል። ቀዩ ታኒን ስለሚበዛበት ምሬት ይተዋል፤ መልኩንም ያጠቁራል። የማሽላው ዱቄት ደቆ ካልተፈጨና በደቃቅ ወንፊት ካልተነፋ ጥርስ ላይ እንደ አሸዋ ይሰማል።

4. የሚያስፈልጉ ነገሮች (24 ገደማ ኩኪስ)

ሚዛን በየቤቱ ስለማይገኝ መስፈሪያችን የቡና ሲኒ ነው። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በአንድ ሲኒ ስፈሩ፤ ሲኒ መቀያየር ሊጡን ያበላሻል።

• የስንዴ ዱቄት 5 ሲኒ (200 ግራም ገደማ)
• የማሽላ ዱቄት 2 ሲኒ ተኩል (100 ግራም ገደማ)
• ስኳር 1 ሲኒ ተኩል
• ማር 1 ሲኒ
• የምግብ ዘይት 1 ሲኒ ከሩብ
• እንቁላል 1
• የደረቀ ዝንጅብል ዱቄት 2 የሻይ ማንኪያ
• ቀረፋ 1 የሻይ ማንኪያ፣ የተፈጨ ቅርንፉድ በጣት ቁንጥር
• ቤኪንግ ሶዳ 1 የሻይ ማንኪያ ሙሉ ሳይከመር፣ ጨው ሩብ የሻይ ማንኪያ

ቤኪንግ ሶዳና ቤኪንግ ፓውደር አንድ አይደሉም። ሶዳው የሚነሳው ኮምጣጣ ነገር ሲያገኝ ነው፤ እዚህ ያንን የሚሰጠው ማሩ ነው። ማሩን ትታችሁ በስኳር ብቻ ከጋገራችሁ ሶዳው በደንብ አይሠራም፣ የሳሙና ጣዕምም ያመጣል። ኮረሪማ ያለው ሰው ከቅርንፉዱ ይልቅ ኮረሪማ ቢጨምር እኔ በበኩሌ አልቃወምም።

ለውዝ መጨመር የሚፈልግ 1 ሲኒ ተቆልቶ የተከተፈ ለውዝ ይግባ። ነገር ግን የተጨማደደ፣ የጠቆረ፣ ሻጋታ ያለበትን ለውዝ አንድ በአንድ ልቀሙና አውጡ። በሻጋታው የሚፈጠረው አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ጉበትን ይጎዳል፤ በመጋገርም ሆነ በመቁላት አይጠፋም። የተለቀመውንም ለዶሮ አትስጡ።

5. አቦካክና አጋገር

ስኳሩን፣ ማሩንና ዘይቱን አንድ ላይ ምቱ፤ ማሩ ከረጋ ጣሳውን በሞቀ ውሃ ውስጥ አቁሙት እንጂ በቀጥታ እሳት ላይ አትጣዱት። እንቁላሉን ጨምሩና እንደገና ምቱ። በሌላ እቃ ዱቄቶቹን፣ ቅመሙን፣ ሶዳውንና ጨውን ነፍታችሁ አደባልቁ። ከዚያ ደረቁን በእርጥቡ ላይ ጨምራችሁ ልክ እንደተያያዘ አቁሙ። እንደ ዳቦ ሊጥ አትሹት፤ መሸት ግሉተኑን ያጠነክርና ኩኪሱን ያጠጥራል። ሸፍናችሁ ቀዝቀዝ ባለ ቦታ 30 ደቂቃ አሳርፉት። ማሽላው እርጥበቱን የሚጠጣው በዚህ ጊዜ ነው፤ በጅምሩ የሚጣበቅ የነበረው ሊጥ ከዚህ በኋላ ለመድበልበል ይመቻል። አሁንም እጅ ላይ ከተጣበቀ 1 የሾርባ ማንኪያ ዱቄት ብቻ ጨምሩ።

ምድጃውን በተመለከተ፣ ድፎ ዳቦ የጋገረ ሰው አሠራሩን ያውቃል፤ እሳቱ ከላይም ከታችም ነው። ወፍራም ብረት ድስት ውስጥ 2 ጣት ያህል ደረቅ አሸዋ አድርጉ፣ ዘይት የተቀባ ትሪ አሸዋው ላይ አስቀምጡ፣ በብረት ክዳን ዝጉ፣ ክዳኑ ላይ ፍም አድርጉ። ከታች ያለው ፍም ጥቂት፣ ከላይ ያለው በዛ ያለ ይሁን፤ ካልሆነ ሥሩ አርሮ ላዩ ጥሬ ይቀራል። በአሸዋ ፋንታ ከወንዝ የተለቀመ እርጥብ ድንጋይ አታስገቡ፣ ሲሞቅ ሊፈነዳ ይችላል። ይህን ሥራ በተዘጋ ክፍል አትሥሩት፤ የከሰል ጭስ ባይታይም ይገድላል።

ቴርሞሜትር ስለሌለን ሙቀቱን በዱቄት እንለካለን። ባዶ ትሪ ላይ ቆንጠር አድርጋችሁ ዱቄት በትኑና ክደኑ። በ5 ደቂቃ ውስጥ ፈዘዝ ያለ ቡናማ ከሆነ ሙቀቱ ልክ ነው። በ1 ወይም 2 ደቂቃ ከጠቆረ ፍም ቀንሱ፤ ማር ያለበት ሊጥ ስኳር ብቻ ካለበት ቀድሞ ያርራል። ሊጡን የእንቁላል አስኳል በሚያህል መጠን አድቦልቡሉ፣ በመካከላቸው 3 ጣት ርቀት ተዉ፣ በመዳፍ ጫን አድርጉ። ከ10 እስከ 12 ደቂቃ ይበቃል።

6. ለስላሳነቱ ከየት ይመጣል?

የመጀመሪያውን ስልጠና ስንሰጥ የጋገርኩትን ኩኪስ አስታውሳለሁ። “ሳይበስል እንዳይቀር” ብዬ በጣቴ ስነካው እስኪጠነክር ጠበቅሁ። ሲቀዘቅዝ አንድ አባት አንሥተው ጠረጴዛውን ኳ ኳ አደረጉበትና “ይሄስ ለወፍጮ መጅ ይሆናል” አሉ። ስህተቱ የእኔ ነበር። ኩኪስ ከእሳት ከወጣ በኋላም በራሱ ሙቀት መብሰሉን ይቀጥላል። ስለዚህ መውጣት ያለበት ጠርዙ ጠንከር ብሎ መሐሉ ግን ገና ለስላሳና ያልበሰለ በሚመስልበት ጊዜ ነው። ትሪው ላይ እንዳለ 5 ደቂቃ ተዉት፤ በዚያን ጊዜ ብታነሱት ይሰበራል።

ሁለተኛው ምክንያት ማሩ ነው። ማር ከአየር እርጥበት ይስባል፣ የያዘውንም በቶሎ አይለቅም። ማር ያለበት ኩኪስ በሁለተኛው ቀን ከመጀመሪያው ይልቅ የሚለሰልሰው ለዚህ ነው። ሙሉ በሙሉ ሲቀዘቅዝ ብቻ ክዳኑ ጥብቅ በሆነ ቆርቆሮ ውስጥ አስቀምጡ። ሞቅ እያለ ከከደናችሁት ላብ ይሠራና ይሻግታል። ደረቅ ካለባችሁ ቁራጭ ትኩስ ዳቦ አብራችሁ ከድናችሁ አሳድሩት፤ ኩኪሱ ከዳቦው እርጥበት ወስዶ ይለሰልሳል። በዚህ አያያዝ ሳምንት ያህል ይቆያል።

ዕድሜው 1 ዓመት ላልሞላ ሕፃን ማር ያለበት ምግብ አይሰጥም። ማር ውስጥ ሊኖር የሚችል የባክቴሪያ ዘር ሕፃኑን ሊመርዝ ይችላል። ይህ “ትንሽ ብትቀምስ ምን አለበት” የሚባልበት ጉዳይ አይደለም።

7. ለሽያጭ ለምታስቡ

“ዝንጅብሉ የራሴ፣ ማሩ የራሴ፣ ስለዚህ የወጣብኝ ስኳርና ዘይት ብቻ ነው” የሚል ስሌት ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ። ይህ ስሌት ያከስራል። ከቀፎ ያወጣችሁት ማር በዚያ ቀን ገበያ ስንት ያወጣ ነበር? ያ ገንዘብ ወጪ ነው። 1 ኪሎ ደረቅ ዝንጅብል ስትጠቀሙ የ5 ኪሎ እርጥብ ዝንጅብል ዋጋ ቁጠሩ። ከሰሉን፣ የወፍጮ ክፍያውን፣ የሰው ጉልበቱንም ጻፉ። ጉልበት ስል የእናቶችን ጉልበት ጭምር ማለቴ ነው፤ ኩኪሱ ተጨማሪ ሥራ ሆኖ በእነሱ ላይ ብቻ እንዳይወድቅ ዱቄት መንፋቱንና ፍም ማዘጋጀቱን አባቶችና ወጣቶች ብትይዙት ጥሩ ነው። ድምሩን ለ24 አካፍሉት፤ የምታገኙት የአንዱ ኩኪስ ወጪ ነው። ከዚያ በታች መሸጥ ማርን በነጻ ማደል ነው። ወደ ገበያ ከመውጣታችሁ በፊት ስለ ምግብ ንጽሕናና ስለ ፈቃድ ከወረዳው ጤናና ንግድ ጽሕፈት ቤቶች ጋር ተነጋገሩ።

8. የተግባር ሥራ

ሙሉውን ሊጥ በአንድ ጊዜ አትጋግሩ። ማሳ ላይ እንደምታደርጉት መጀመሪያ ሙከራ ይኑራችሁ። 6 ድብልብል ጣዱ፤ ሁለቱን በ8ኛው፣ ሁለቱን በ10ኛው፣ ሁለቱን በ12ኛው ደቂቃ አውጡ፤ ክዳኑ በተከፈተ ቁጥር ሙቀት ስለሚያመልጥ ፍጠኑ። ሲቀዘቅዙ አንድ አንዱን ቅመሱ፣ የቀሩትን ሦስቱን ከድናችሁ አሳድራችሁ በማግሥቱ ቅመሱ። የትኛው እንደለሰለሰ፣ የትኛው እንዳረረ፣ ስንት ፍም እንደተጠቀማችሁና የማሽላው ዓይነት ምን እንደነበር በደብተር ጻፉ። በሚቀጥለው ስብሰባ ደብተሩን ይዛችሁ ወደ ማሰልጠኛ ማዕከሉ ኑ፤ የአንዱ ድስት ከሌላው ስለሚለይ፣ የደቂቃውን ልክ የምንወስነው ከዚያ ነው።