ሚስጥራችንን ከማን እንጠብቅ?

አንዲት እህታችን የኤችአይቪ ምርመራ ለማድረግ አስባ በወንድሟ ስልክ ኢንተርኔት ገብታ ስለ ምርመራው አነበበች። ማታ ወንድሟ ስልኩን ሲከፍት የፈለገችው ሁሉ ተደርድሮ ጠበቀው። «ምን ሆነሽ ነው?» አላት። ደንግጣ ምርመራውን ለወራት ተወችው። አያችሁ? ሚስጥር ሲወጣ ጉዳቱ እስከ ጤና ይደርሳል።

ታዲያ የትኛውን መከላከያ እንምረጥ? በቅድሚያ «ከማን?» ብለን እንጠይቅ።

1. ስልኩን ከሚጋራን ሰው ከሆነ፦ በክሮም «ኢንኮግኒቶ» እንጠቀም። ስንጨርስ ከዘጋነው የጎበኘናቸው ገጾች ስልኩ ላይ አይመዘገቡም። ያወረድነው ፋይል ግን እዚያው ይቀራል፤ የኢንተርኔት አገልግሎት ሰጪውም የትኛውን ድረ ገጽ እንደጎበኘን ማየት ይችላል።

2. መልእክታችንን መሃል ላይ ከሚያነብ ከሆነ፦ ሲግናልና ዋትስአፕ የምንጻጻፈውን ከላኪና ከተቀባይ በቀር ሌላ እንዳያነበው ይቆልፉታል። ቴሌግራም ላይ ግን ይህን የሚያደርገው «ሲክሬት ቻት» ብቻ ነው፤ ተራው ቻት አይደለም።

3. ከራሱ ከተቀባዩ ከሆነስ? እዚህ ላይ የትኛውም አፕ አያድነንም። በራሱ ጊዜ የሚጠፋ መልእክት ብንልክ እንኳ በሌላ ስልክ ፎቶ ሊያነሳው ይችላል። ካፍ ከወጣ አፋፍ ነውና ውጤታችንን ለማን እንደምንነግር አስቀድመን እናስብ።

ሚስጥሬ ይወጣል ብላችሁ ግን ምርመራውን እንዳትተዉት። ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ አማካሪውን በግንባር አነጋግሩ፤ እዚያ ስልክ አያስፈልግም።