ዘበኛው የማን ዘበኛ ነው?

ባለፈው ዓመት በኅዳር ወር ከጓደኞቻችን አንዱ ለክፍል ባልደረባው የፈተና ማስታወሻ ሊያደርስ ወደ አንድ ኮንዶሚኒየም ሄደ። ጊዜው ከምሽቱ አንድ ሰዓት ተኩል ነበር። በበሩ ላይ የቆመው የጥበቃ ድርጅት ዘበኛ አስቆመው፤ ቦርሳውን ፈተሸው፤ መታወቂያውን ተቀብሎ ስሙንና የሚሄድበትን የቤት ቁጥር በመዝገብ ጻፈ፤ «ስትወጣ ትወስዳለህ» ብሎም አስገባው። ጓደኛችን የታዘዘውን ሁሉ ፈጽሞ ገባ። የደረጃው አምፑል ከተቃጠለ ሦስት ሳምንት ሆኖት ነበር። ሲመሽ ሊቆለፍ የሚገባው የኋላ በርም ክፍት ነበር። በሁለተኛው ፎቅ መታጠፊያ ላይ ሁለት ሰዎች ደበደቡት፤ ስልኩንና ቦርሳውን ወሰዱበት፤ ቀኝ እጁም ተሰበረ። በዚያ ወሰነ ትምህርት ፈተና ሊቀመጥ አልቻለም፤ አንድ ዓመትም ወደ ኋላ ቀረ።

አባቱ ከክፍለ ሀገር መጥተው ፍትሕ ፍለጋ ሦስት ደጅ አንኳኩ። የጥበቃው ድርጅት፤ «ውላችን ከነዋሪዎቹ ማኅበር ጋራ ነው፤ ልጅዎን አናውቀውም» አላቸው። የነዋሪዎቹ ማኅበር ደግሞ፤ «ጥበቃውን ለድርጅት ሰጥተናል፤ እሱን ይጠይቁ» አላቸው። ዘበኛውን ሊጠይቁ ቢሄዱ ድርጅቱ አባሮት በቦታው ሌላ ሰው ቆሟል። ሽማግሌው፤ «ታዲያ ይህ ዘበኛ የማን ዘበኛ ነበር?» ብለው ወደ አገራቸው ተመለሱ።

እኛ የሕግ ተማሪዎች አይደለንም። ነገር ግን የሽማግሌው ጥያቄ እንቅልፍ ስለ ነሣን የፍትሐ ብሔር ሕጋችንን ገልጠን ለማንበብ፣ ያልገባንንም የሚያውቁትን ለመጠየቅ ተገደድን። ያገኘነውንም ለተማሪ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ከዚህ በታች እናቀርባለን። ሁላችንም በየሳምንቱ የሰው ቤት እንግዳ ነንና ነገሩ የሁላችንም ነው።

እንደሚታወቀው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በሚያዝያ ወር 1952 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 165 ወጥቶ ከመስከረም 1 ቀን 1953 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ ዋለ። ይህ ሕግ አላፊነትን ከሁለት ምንጭ ይቀዳል። አንደኛው ውል ነው። ሁለተኛው ደግሞ ውል ሳይኖር፣ ሰው በጥፋቱ ሌላውን ሲጎዳ የሚመጣው አላፊነት ነው። የሽማግሌው ጭንቀት ሁሉ የተነሣው እነዚህን ሁለቱን ካለመለየት ነው።

በመጀመሪያ ስለ ውሉ እንናገር። የሕጉ 1952ኛ ቁጥር ውል የሚያስረው ተዋዋዮቹን ብቻ እንደ ሆነ ይደነግጋል። ስለዚህ ድርጅቱ «ውላችን ከማኅበሩ ጋራ ነው» ሲል ሐሰት አልተናገረም። እንዲያውም 2037ኛው ቁጥር ለድርጅቱ ሌላ ጋሻ የሚሰጠው ይመስላል፤ ይኸውም ሰው በውል የገባውን ግዴታ አለመፈጸሙ ብቻውን ከውል ውጭ የሆነ ጥፋት እንደማይባል ይናገራልና። እንግዳው ተነሥቶ፤ «በውሉ ውስጥ አራት ዘበኛ ይቆማል ተብሏል፤ የቆመው ግን አንድ ነው» ቢል፣ ይህ ክርክር ለብቻው አያዋጣውም። በውሉ መሠረት ሊከራከር የሚችለው ማኅበሩ ነው።

ነገሩ ግን በዚህ አያበቃም። 2028ኛው ቁጥር በጥፋቱ በሌላ ሰው ላይ ጉዳት ያደረሰ ሁሉ ሊክስ እንደሚገባው ያዝዛል። ይህ ቁጥር «ከተዋዋለው ሰው በቀር» አላለም። 2029ኛው ደግሞ ጥፋት ታስቦ በሚሠራ ሥራ ብቻ ሳይሆን በቸልተኛነትም፣ በማድረግ ብቻ ሳይሆን ባለማድረግም እንደሚመጣ ይገልጻል። 2030ኛው መለኪያውን ያስቀምጣል፤ ይኸውም አስተዋይ ሰው በዚያ ቦታ ቢሆን ኖሮ ምን ያደርግ ነበር የሚለው ነው። 2031ኛው ግን ከሁሉ ይልቅ ለጉዳያችን ይቀርባል፤ በአንድ ሙያ ወይም በታወቀ ሥራ የተሠማራ ሰው የዚያን ሥራ ደንብ መጠበቅ አለበት ይላል። ሰውን መጠበቅ ሥራዬ ብሎ፣ ለሠራተኞቹ መለዮ አልብሶ፣ ለዚሁም ዋጋ ተቀብሎ የሚያድር ድርጅት ከመንገደኛ እኩል ሊለካ አይገባውም። ዳቦ ጋጋሪ በዳቦው፣ ሐኪም በሕክምናው እንደሚጠየቅ ሁሉ ጠባቂም በጥበቃው ይጠየቃል።

እንግዲህ የእንግዳው መብት የተመሠረተው በውሉ ላይ ሳይሆን በጥፋቱ ላይ ነው። የዚህም ጽሑፍ ፍሬ ነገር ይኸው ነው። የኋላው በር ክፍት መሆኑ ጥፋት የሚሆነው በውሉ ስለ ተጻፈ አይደለም። በዚያው ግቢ ከአንድ ወር በፊት ሁለት ጊዜ ስርቆት ደርሶ ነዋሪዎች ለድርጅቱ ካስታወቁ በኋላ አስተዋይ ጠባቂ ያንን በር ሳይቆልፍ ስለማያድር ነው። «አናውቀውም» የሚለውም መልስ ቢሆን በራሱ በድርጅቱ እጅ ይፈርሳል። ስሙ በመዝገባቸው ተጽፏል፤ መታወቂያው በእጃቸው ነበር። ሰውን ፈትሾ፣ መታወቂያውን ይዞ፣ ግባ ብሎ ካስገቡ በኋላ አናውቀውም ማለት እንዴት ይቻላል?

ዘበኛውን ማባረርም ከዕዳ አያድንም። 2130ኛው ቁጥር ሠራተኛው ሥራውን ሲያከናውን ላደረሰው ጥፋት አሠሪው አላፊ እንደ ሆነ ይደነግጋል። 2132ኛውም ጉዳቱ ሠራተኛው በሚሠራበት ቦታ ወይም ሰዓት ከደረሰ በሥራው ላይ ሳለ እንዳደረሰው ያስቆጥራል። ይህ ደንብ እንግዳው ተጠብቆ ሳይሆን በዘበኛው ሲደበደብ ወይም ያለ አግባብ ሲታሰርም ይሠራል። የሕጉ አሳብ ቅን ነው። ያ ዘበኛ ለአራት ብሎክ ብቻውን የቆመ፣ ባትሪ እንኳ ያልተሰጠው ምስኪን ነበር። ከፊት በር ቢነሣ የፊቱ ይከፈታል፤ ባይነሣ የኋላው ሳይዘጋ ያድራል። ይህን ሰው አባሮ እጅን መታጠብ ለእንግዳውም ለዘበኛውም ፍርድ ማጉደል ነው። ትርፉን የሚሰበስበው ጉዳቱንም ሊሸከም ይገባል።

ስለ ነዋሪዎቹ ማኅበርስ ምን እንላለን? በ1995 ዓ.ም. የወጣው የጋራ ሕንፃ ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370 ደረጃውን፣ በሩንና ግቢውን የመሰሉትን የጋራ ክፍሎች እንዲያስተዳድር ለቤት ባለቤቶች ማኅበር አላፊነት ሰጥቷል። ማኅበሩ «ድርጅቱ ራሱን የቻለ ሥራ ተቋራጭ ነው» ብሎ 2134ኛውን ቁጥር ሊጠቅስ ይችላል፤ ያ ቁጥር በሥልጣኑ ሥር ባልሆነ ሰው ጥፋት ማንም እንደማይጠየቅ ይናገራልና። ነገር ግን የተቃጠለውን አምፑል ሦስት ሳምንት ሳይለውጥ የተወው ማን ነው? ይህ የማኅበሩ የራሱ ጥፋት ነው። ሁለት ሰዎች ለአንድ ጉዳት አላፊ በሆኑ ጊዜ ደግሞ 2155ኛው ቁጥር ባንድነት እንዲጠየቁ ያደርጋል። አንዱ ወደ ሌላው ጣቱን ቢቀስር ተጎጂው በመካከል ባዶ እጁን አይቀርም ማለት ነው።

ይህ ጥያቄ በአገራችን ብቻ የተነሣ አይደለም። ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩባት በዋሽንግተን ከተማ በፈረንጅ አቆጣጠር በ1970 አንድ የታወቀ ፍርድ ተሰጥቷል። ጉዳዩ 585 መኖሪያዎች ያሉበት፣ በማሳቹሴትስ አቬኑ የሚገኝ ሕንፃ ነበር። አንዲት ተከራይ በ1959 ስትገባ በዋናው በር ሌሊትና ቀን ዘበኛ ይቆም ነበር፤ አንዱ የጎን በርም ሲመሽ ይቆለፍ ነበር። በ1966 ግን ዘበኛው የለም፤ በር ሳይቆለፍ ያድራል፤ በሕንፃው ውስጥም ወንጀል በዝቷል። በዚያው ዓመት በኅዳር ሴትዮዋ በመኖሪያዋ ደጃፍ ተደበደበችና ተዘረፈች። የመጀመሪያው ፍርድ ቤት ለባለ ሕንፃው ፈረደ። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ግን ፍርዱን ሻረው። ዳኛ ማልከም ዊልኪ በጻፉት ፍርድ፣ የጋራ መተላለፊያዎችን በእጁ የያዘ ባለ ሕንፃ አስቀድሞ ሊታወቅ ከሚችል ወንጀል ተከራዮቹን ለመጠበቅ ተገቢውን ጥንቃቄ ማድረግ አለበት ተባለ። የጥንቃቄውም መለኪያ ሴትዮዋ በገባችበት ጊዜ የነበረው የጥበቃ ደረጃ ሆነ።

እርግጥ ነው፣ እሷ ተከራይ ነበረች እንጂ እንግዳ አልነበረችም፤ የተከሰሰውም ባለ ሕንፃው እንጂ የጥበቃ ድርጅት አልነበረም። ይሁን እንጂ ሁለቱንም ጎድሎ የሚሞላ ነገር በዚያው አገር ይገኛል። የካሊፎርኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1968 በሰው ቤት በተሰበረ የቧንቧ እጀታ እጁ ስለ ተቆረጠ አንድ እንግዳ ሲፈርድ፣ የጥንቃቄ ግዴታ «ደንበኛ ነው ወይስ እንግዳ» በሚል ክፍፍል ብቻ እንደማይወሰን ገለጸ። የአሜሪካ ሕግ ተቋም ደግሞ በ1965 ባሳተመው የሕግ ማጠቃለያ፣ በቁጥር 324ኤ፣ ለአንዱ ሰው ብሎ ሌላውን ሰው የሚጠብቅ ሥራ የተቀበለ ሰው ሥራውን በቸልተኛነት ቢያበላሽ፣ በዚያ ጥበቃ ተማምኖ ለተጎዳው ለሦስተኛው ሰው ሊጠየቅ እንደሚችል ጽፏል። መንገዱ ልዩ ልዩ ቢሆንም የተደረሰበት ቦታ ከእኛው 2028ኛ ቁጥር አይርቅም።

ሆኖም ሚዛናዊ ሆነን ልንናገር ይገባል። የጥበቃ ድርጅት ለማንኛውም ወንጀል ዋስ አይደለም። ማንም ሊያስበው የማይችለው አደጋ ቢደርስ፣ ወይም ጠባቂው የሚገባውን ሁሉ አድርጎ ሳለ ሌባው ቢበረታ፣ ጥፋት የለምና ካሣ የለም። ጥፋቱን የማስረዳት ሸክምም በ2141ኛው ቁጥር መሠረት በከሳሹ ላይ ነው። እንግዳው ራሱ ለጉዳቱ ምክንያት ከሆነ ካሣው በዚያው መጠን ይቀነሳል። በሌላ ወገን ግን ዘበኛ ሰው በሞት አደጋ ላይ ወድቆ እያየ፣ ራሱን ለአደጋ ሳያጋልጥ ሊረዳው ሲችል ዝም ቢል፣ ነገሩ ከካሣም ያልፋል። በ1997 ዓ.ም. በሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ በ575ኛው አንቀጽ ይህን ይቀጣል፤ በሙያው ወይም በውል የመርዳት ግዴታ ባለበት ሰው ላይም ይበረታል።

ስለ ካሣው መጠን አንድ ቃል እንጨምር። 2091ኛው ቁጥር ካሣው ከጉዳቱ ጋራ እኩል እንዲሆን ስለሚያዝዝ የሕክምናው፣ የስልኩና የመሰለው ኪሣራ ሁሉ ይቆጠራል። ለሕሊና ጉዳት የሚከፈለውን ግን 2116ኛው ቁጥር ከ1000 ብር እንዳይበልጥ ወስኖታል። በ1952 ዓ.ም. ይህ ብዙ ገንዘብ ነበር፤ ዛሬ ምን እንደሚገዛ ግን ገበያ የወጣ ሁሉ ያውቀዋል። ይህን የሚያሻሽል ሕግ አውጪ ያስፈልጋል እንላለን።

አንዳንዶች፤ «ይህ ሁሉ ከፈረንጅ የመጣ አሳብ ነው» ይሉ ይሆናል። እንዲህ አይደለም። አያቶቻችን በአፈርሳታ ጊዜ የአንድ ቀበሌ ሰዎች በምድራቸው ለደረሰው በደል ሌባው እስኪታወቅ ድረስ ይሰበሰቡ፣ ካልታወቀም ባንድነት ይከፍሉ እንደ ነበር እናውቃለን። ያ ሥርዓት ንጹሑን ከበደለኛው ጋራ ይቀጣ ስለ ነበር ይመለስ አንልም። ነገር ግን «በደጄ ለተጎዳ ሰው እጠየቃለሁ» የሚለው አሳብ ለእኛ እንግዳ አሳብ አይደለም። እንግዳን ውሃ አጠጥቶ፣ እግሩን አጥቦ የሚያሳድር ሕዝብ የእንግዳውን ደኅንነት ለወረቀት ብቻ ትቶ ሊተኛ አይገባውም።

እንግዲህ ወንድሞችና እኅቶች፣ ከዚህ ጥናት ሦስት ነገር እንያዝ። አንደኛ፣ ጉዳት ሲደርስ በዚያው ሰዓት ለፖሊስ እናመልክት፤ የተቃጠለውን አምፑል፣ ክፍቱን በር ፎቶግራፍ እናንሣ፤ ስማችን የተጻፈበትን የበሩን መዝገብ ገጽና ያዩትን ሰዎች እንያዝ። ሁለተኛ፣ የምንኖርባቸው ቤቶች ማኅበራት ከጥበቃ ድርጅት ጋራ ሲዋዋሉ፣ እንግዳም በጥበቃው እንደሚጠቀም በግልጽ እንዲጽፉ እንምከር፤ 1957ኛው ቁጥር ለሦስተኛ ሰው ጥቅም መዋዋልን ይፈቅዳልና። ሦስተኛ፣ ጊዜ እንደማይጠብቀን እንወቅ። 2143ኛው ቁጥር ክሱ ጉዳቱ ከደረሰ ጀምሮ በሁለት ዓመት ውስጥ እንዲቀርብ ይላል።

ይህ ሦስተኛው ነገር የሚነካው ጓደኛችንን ነው። እጁ ከተሰበረ ዛሬ አንድ ዓመት ከአራት ወር ሆነው። የቀረው ስምንት ወር ነው። አባቱ በሦስት ደጅ የተነገራቸውን አምነው ተስፋ ቆርጠዋል። እኛ ግን ሰሞኑን ደብዳቤ ጽፈንላቸዋል፤ የሕግ ፋኩልቲ ጓደኞቻችንም ማመልከቻውን ለማዘጋጀት ቃል ገብተዋል። ፍርዱ ምን እንደሚሆን ዳኞቹ ያውቃሉ። ቢሆንም «ዳር ካልተጠበቀ መኻል ዳር ይሆናል» እንዲሉ፣ ዛሬ በበሩ ላይ የእንግዳው መብት ሳይጠበቅ ቢቀር ነገ በቤቱ ውስጥ የነዋሪውም አይጠበቅም። ለሽማግሌው ጥያቄም መልሳችን ይህ ነው፤ ዘበኛው ደመወዙን ማንም ይክፈለው ማን፣ ግባ ብሎ ላስገባው ሰው ሁሉ ዘበኛ ነው።