ከስትሮክ በኋላ ቀልብን መሰብሰብ

ሰውነታችንን የሚያዘው አንጎላችን ነው። አንጎል ሥራውን የሚሠራው ደም ሳያቋርጥ ሲደርሰው ነው። ወደ አንጎል የሚሄድ የደም ሥር ሲደፈን ወይም ሲፈነዳ የተጎዳው ክፍል ሥራውን ያቆማል። ይህ በሽታ ስትሮክ ይባላል። በየሰፈራችን «ደም ግፊት ጣለው» ሲባል የምንሰማው ብዙውን ጊዜ ይህንኑ ነው። ፊት በድንገት ሲጣመም፣ አንድ እጅ ሲዝል ወይም አንደበት ሲተሳሰር በሽተኛውን ሳንዘገይ ወደ ሆስፒታል መውሰድ አለብን።

ዛሬ የምንማረው ግን ከዚያ በኋላ ስላለው ጊዜ ነው። በሽተኛው ከሆስፒታል ወጥቶ ቤቱ ሲቀመጥ ምን ይሆናል?

አንድ ሸማኔ እንውሰድ። ስትሮክ የመታው የአንጎሉን ግራ ክፍል ነው እንበል። ግራው አንጎል የቀኝ ጎንን ስለሚያዝ ቀኝ እጁ መወርወሪያ መያዝ አቃተው። ንግግሩም ተሳሰረ። ቀኑን ሙሉ ሁለት ሐሳብ ያመላልሰዋል። አንዱ «ትናንት እንዲህ አልነበርኩም» የሚል ነው። ሌላው «ነገ ልጆቼን ማን ያበላቸዋል?» የሚል ነው። እንቅልፍ ያጣል። እጅህን አንቀሳቅስ ሲሉት በልቡ «ምን ዋጋ አለው!» ይላል።

ይህ ስንፍና አይደለም። ስትሮክ ከመታቸው ሦስት ሰዎች አንዱ ያህል ድባቴ በሚባል ከባድ የመንፈስ ጭንቀት ይያዛል። ተስፋ የቆረጠ ሰው ደግሞ ልምምዱን ይተዋል፤ ልምምዱን ሲተው እጁ ይበልጥ ይደክማል።

ለዚህ ከሚረዱት ነገሮች አንዱ ቀልብን መሰብሰብ ነው። ይህም ሐሳብን አሁን ባለው ነገር ላይ ማሳረፍ ማለት ነው። ልማዱ በእስያ በቡድሃ ሃይማኖት ተከታዮች ዘንድ የቆየ ነው። እ.ኤ.አ. በ1979 ጆን ካባት ዚን የተባሉ ሳይንቲስት በአሜሪካ፣ በማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ፣ ሃይማኖት ሳይጨምሩበት ለሕሙማን ማስተማር ጀመሩ። ትምህርቱ ዛሬ በተለምዶ 8 ሳምንት ይፈጃል። ቤታችን ግን በቀላሉ እንዲህ ልንጀምረው እንችላለን፦

1ኛ. ጀርባን አስደግፈን ቀና ብለን እንቀመጥ። የደከመውን እጅ ትራስ ላይ እናሳርፍ።

2ኛ. ትንፋሽ ሲገባና ሲወጣ ልብ እንበል። በግድ ማስረዘምም ሆነ አፍኖ መያዝ አያስፈልግም።

3ኛ. ሐሳብ ሲሸሽ ሳንቆጣ እንመልሰው። ሸማኔ ክር ቢበጠስበት ሥራውን አይጥልም፤ ቋጥሮ ይቀጥላል።

4ኛ. ከዚያ ልባችንን ወደ ደከመው እጅ እናምጣ። ሙቀቱን፣ ክብደቱን፣ መደንዘዙን እናስተውል።

ለመጀመሪያ ጊዜ 5 ደቂቃ ይበቃል። ፊት ስንታጠብም ሆነ ልብስ ስንለብስ እንዲሁ ማስተዋል ይቻላል።

ልብ እንበል! ይህ ልምምድ ብቻውን ሽባ የሆነ እጅ አያነሳም። አንጎል የጠፋበትን ሥራ እንደገና የሚማረው ደጋግሞ በመሥራት ነው። ቀልቡ የተሰበሰበ ሰው ግን ድካሙን በጊዜ ያውቃል፤ ያርፋል፤ ነገም ተነሥቶ ይሞክራል። በሐኪም የታዘዘ የደም ግፊት መድኃኒትም መቋረጥ የለበትም። ልምምዱ ፍርሃት ቢያመጣበት ትቶ ሌላ ነገር ይሥራ። ሞትን መመኘት ከጀመረ ግን ሳንውል ሳናድር ለጤና ባለሙያ እንንገር።

እኛ ቤተሰቦችና ጎረቤቶችስ ምን እናድርግ? መናገር አቃተው ማለት አይሰማም ማለት አይደለም። በፊቱ «አለቀለት» አንበል። ቀስ ብለን፣ ባጭሩ እንናገር፤ መልሱንም እስኪያወጣ እንጠብቅ። ጠያቂ መብዛቱ የፍቅር ምልክት ነው። ነገር ግን ጫጫታ የተጎዳን አንጎል ያደክማል። ስለዚህ ተራ በተራ እንግባ፤ የልምምዱንም ሰዓት እንጠብቅለት።

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» እንላለን። ሸማኔያችን ዛሬ አንድ ጣት ቢያንቀሳቅስ ያችን አንዲት ጣት እንያት፤ እሱም እንዲያያት እንርዳው።

ጥያቄዎች
1. ስትሮክ ምን ሲሆን ይመጣል?
2. ቀልብን መሰብሰብ ለምን ይጠቅማል? ምንስ ማድረግ አይችልም?
3. በሰፈራችሁ በስትሮክ የተጎዳ ሰው አለ? ልትጠይቁት ስትሄዱ ምን ትሉታላችሁ? ተወያዩበት።