አንብበው ስላልጨረሱት መጽሐፍ ሂስ መጻፍ

ባለፈው ትምህርት የመጽሐፍ ሂስ ምን ምን ክፍሎች እንዳሉት ተመልክታችኋል። በዚህ ትምህርት ደግሞ ከሂስ ጸሐፊ ስለሚጠበቀው ታማኝነት ትማራላችሁ። ለመሆኑ አንብባችሁ ስላልጨረሳችሁት መጽሐፍ ሂስ መጻፍ ይገባችኋልን?

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። አንድ ተማሪ በ1958 ዓ.ም. የታተመውን የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» ማንበብ ጀመረ እንበል። የመጀመሪያዎቹን ምዕራፎች እንዳነበበ ሰለቸውና ተወው። ከዚያም «መጽሐፉ የቦጋለ መብራቱንና የውድነሽ በጣሙን የትዳር ኑሮ ይተርካል፤ ርእሱ ከታሪኩ ጋር አይስማማም» ሲል ጻፈ። መጽሐፉ በእነዚህ ባልና ሚስት ታሪክ መጀመሩ እውነት ነው። ነገር ግን ተማሪው ባቆመበት ቦታ የልጃቸው የበዛብህና የሰብለ ወንጌል ፍቅር ገና አልተጀመረም፤ ጉዱ ካሳም ገና አልተናገረም። ርእሱ ለምን እንደ ተሰጠ በሚገባ የሚታወቀውም መጽሐፉ ሲያልቅ ነው። እንግዲህ ተማሪው መሠረቱን ብቻ አይቶ ስለ ቤቱ ሁሉ ፈረደ ማለት ነው።

እንዲህ ያለው ፍርድ ሁለት ሰዎችን ይጎዳል። ሂሱን ያመነ አንባቢ መጽሐፉን ሳይከፍት ይቀራል፤ ደራሲውም ቃሉ ሳይሰማ እንደ ተፈረደበት ተከሳሽ ይሆናል።

ይህ ማለት ግን ስላልጨረሳችሁት መጽሐፍ ምንም አትጻፉ ማለት አይደለም። ንባባችሁን ያቋረጣችሁበት ምክንያት ራሱ ቁም ነገር ሊኖረው ይችላል። ስለዚህ የሚከተሉትን አስታውሱ።

1. ከየትኛው ምዕራፍ እንዳቆማችሁ በመግቢያችሁ ላይ ግለጹ።

2. ያቆማችሁበትን ምክንያት ከመጽሐፉ ማስረጃ እየጠቀሳችሁ አስረዱ። ምክንያቱ የእናንተ ድካም ወይም የፈተና ጥድፊያ ከሆነ ግን ጥፋቱን በመጽሐፉ ላይ አታላክኩ።

3. ባነበባችሁት ክፍል ስላያችሁት የቋንቋ አጠቃቀምና አተራረክ አስተያየት ስጡ። ስለ ታሪኩ አወቃቀርና ስለ ጭብጡ ግን አትፍረዱ፤ እነዚህ ያለ መደምደሚያው አይታወቁምና።

የሰዋስው ማስታወሻ፦ «መጽሐፉን አነበብሁት» ያለ ሰው ሁሉንም እንዳነበበ ይታመንለታል። «ከመጽሐፉ አምስት ምዕራፎች አነበብሁ» ያለ ግን ያነበበውን መጠን ለይቶ አስታወቀ። በመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር «ን» መጽሐፉን በሙሉ የግሡ ተሳቢ አድርጋዋለች፤ በሁለተኛው «ከ» ከፍላ አሳየችው። ከሁለቱ እውነቱን የሚናገረውን ምረጡ።

መልመጃ

ሀ. «ልብ ወለዱን ጀመርሁት»፣ «ልብ ወለዱን እያነበብሁ ነው»፣ «ልብ ወለዱን ጨረስሁት» በሚሉት ዐረፍተ ነገሮች መካከል ያለውን የትርጉም ልዩነት አስረዱ።

ለ. ጀምራችሁ ስለተዋችሁት አንድ መጽሐፍ፣ ከላይ የተሰጡትን ሦስት ምክሮች በመከተል፣ አንድ አንቀጽ ጻፉ። ከዚያም መጽሐፉን አንብባችሁ ጨርሱና ከጻፋችሁት ውስጥ የትኛው እንደ ጸና፣ የትኛው መታረም እንደሚገባው ለክፍል ጓደኞቻችሁ ግለጹ።