የቋንቋ ሊቁ ልጅ

ፉአድ አል ሙሃንዲስ እ.ኤ.አ. በ1924 በካይሮ ተወለደ። አባቱ ዘኪ አል ሙሃንዲስ የታወቁ የዓረብኛ ሊቅ ነበሩ፤ የካይሮው የዓረብኛ ቋንቋ አካዳሚ ምክትል ፕሬዚዳንት እስከ መሆንም ደርሰዋል። እኅቱ ሳፊያም የግብፅን ራዲዮ የመራች የመጀመሪያዋ ሴት ነበረች። ከሰዋስው ሊቅ ቤት ቀልደኛ ይወጣል ብሎ ማን ይጠብቃል? እርሱ ግን በዩኒቨርሲቲ የንግድ ትምህርት እየተከታተለ ልቡ ወደ ነጂብ አል ሪሓኒ ቲያትር አዘነበለ።

በ1950ዎቹ ዓመታት «ሰዓት ለልብህ» በተባለው የራዲዮ የቀልድ ዝግጅት ታወቀ። በመድረክ ፊትና እጅ ተዋናዩን ያግዙታል፤ በራዲዮ ያለው ድምፅ ብቻ ነው። በኋላም «ሁለት ቃል ብቻ» በተሰኘው የማለዳ ዝግጅት፣ ጋዜጠኛው አሕመድ ባህጋት የጻፈለትን አጭር ሂስ እያሰማ የቢሮክራሲን ጉድ ይሸነቁጥ ነበር። ንግግሩንም የሚዘጋው «እንዲህ አይደለም እንዴ?» በሚል ጥያቄ ነበር። በ2006 አረፈ።

መልመጃ፦ ይህ የመዝጊያ ጥያቄ መልስ አይሻም፤ አድማጩን ከተናጋሪው ጎን ያሰልፋል። በመጀመሪያው አንቀጽ ውስጥ መልስ የማይሻ ሌላ ጥያቄ አለ፤ አውጥታችሁ ጻፉ። ቀጥሎም በአካባቢያችሁ ስለሚታይ አንድ ችግር፣ በእንዲህ ያለ ጥያቄ የሚያበቃ አጭር አንቀጽ አዘጋጁ።